የግራ እጅ ምት

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ የክፍሉ ነርስ ክኒን ይዛ ስትገባ፣ ፀጉር ሠሪዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ የተኛች መስላ ነበር። ፀሐዩ አልጋውን ሞልቶታል። ነርሷ «ተነሺ እንጂ እህቴ፣ ዛሬስ እንቅልፍ አበዛሽ» ብላ ትከሻዋን ነካ ስታደርጋት ቀዝቅዛ አገኘቻት።

ወሬው ከአስከሬኑ ቀድሞ ከክፍሉ ወጣ። «ሽቦ ገደላት» ተባለ።

ሟቿ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሕመሟ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ግራ እጇ የፀጉር ማድረቂያውን ከፍ አድርጎ መያዝ ሲያቅተው ነው። ደንበኞቿ «ሳታረጂ ጃጀሽ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ሐኪሞች ሲያዩአት ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ከበሽታ የሚጠብቃት የሰውነቷ ዘበኛ በገዛ ቤቱ ላይ ተነሥቶ፣ ትልልቆቹን የደም ሥሮች እያስቆጣ ግድግዳቸውን ያወፍራል፣ መተላለፊያቸውን ያጠባል። ወደ ግራ ክንዷ የሚሄደው ሥር ተደፈነ። ወደ ኩላሊቷ የሚሄደው ጠበበና የደም ግፊቷ ጣሪያ ነካ። ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ለወራት ወስዳ ቁጣው ጋብ ሲል፣ የኩላሊቷን ሥር መክፈት ግድ ሆነ። ሁለት ሐኪሞች የተጣሉት እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው አንጋፋው የቀዶ ጥገና ሐኪም ናቸው። ሠራተኛው በፊታቸው «ጋሼ»፣ በሌሉበት ደግሞ «ቢላዋ» ይላቸዋል። ሆድ ከፍቶ፣ ከእግር በተወሰደ ጤነኛ ሥር በታመመው ዙሪያ አዲስ መንገድ መስፋት ሙያቸው ነው። ሁለተኛው የእሳቸው ተማሪ የነበረ ወጣት ነው፤ ስሙን ረስተው ሁሉም «ሽቦ» ይሉታል። እሱ ሆድ አይከፍትም። በብሽሽት በመርፌ ገብቶ፣ ቀጭን ሽቦ በሥሩ ውስጥ እያሳለፈ፣ የጠበበውን በትንሽ ፊኛ ያሰፋና ተመልሶ እንዳይጠብ የብረት መረብ ያስቀምጥበታል። ታካሚው በማግስቱ ቆሞ ይሄዳል።

ጋሼ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ፣ «በተቆጣ ሥር ውስጥ ብረት ያስቀመጣችሁለት ሰው በዓመቱ ጠቦበት ይመለሳል። እኔ የሰፋሁት ግን ከእኔ በላይ ይኖራል» ብለው ነበር።

ሽቦም፣ «ስፌቱስ ይኖራል ጋሼ፤ ጥያቄው ታካሚው ከስፌቱ ጋር አብሮ ይነሣል ወይ ነው» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ አልሳቁም።

ፀጉር ሠሪዋ ሽቦን መረጠች። ሰኞ ተሠራላት፤ ረቡዕ ሞተች።

ሐሙስ ጠዋት የወጣው የአስከሬን ምርመራ ግን ወሬውን አፈረሰው። የኩላሊቷ ሥር ደኅና ነው፤ መረቡም እንደ ተቀመጠ ተቀምጧል። ደሟ የፈሰሰው መርፌው ከገባበት ከብሽሽቷ ወደ ውስጥ፣ ከሆድ ዕቃዋ ጀርባ ነው። የፈሰሰውም መርጋት ስላቃተው ነው። እጇ ላይ በተተከለው ቱቦ በኩል፣ ለሦስት ሰው የሚበዛ ደም ማቅጠኛ ገብቶባታል። ማንም አላዘዘላትም።

ከፖሊስ ለምርመራ የመጣችው ሴት ሃምሳን የተጠጋች፣ ቁመቷ አጠር፣ ድምጿ ዝግ ያለ ናት። ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል፤ «እንደምን አደርሽ ብትያት እንኳ ለምን ጠየቅሽኝ ትላለች» እያሉ። ባለፈው ዓመት ከደብዳቤ አጻጻፍ ጀምሮ ሥራውን ያስተማረችው ልጅ አለቃዋ ሆኖ ተሾሟል። ሹመቱ በተነበበ ዕለት እጇ እስኪቀላ አጨበጨበች፤ ቤቷ ገብታ ግን እራት አልበላም አለች። ስለዚህ የሁለቱን ሐኪሞች ጠብ ስትሰማ ልቧ ወዲያው ጋሼን ጠረጠረ። ልቧን ደግሞ አላመነችውም፤ የገዛ ቁስሏ እንዳይሆን ፈራች።

መጀመሪያ የሟቿ ክፍል ገባች። ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ተጋደመች። አልጋው በቀኝ በኩል ከመስኮቱ ግድግዳ ተጠግቷል፤ ወደ በሩ የሚቀርበው ግራ እጅ ነው። ከራስጌው በላይ አንድ ቡናማ ጃኬት ተንጠልጥሏል። ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ በቀይ የተጻፈ ካርቶን አገኘች፦ «በግራ ክንድ አይለካ።»

ጃኬቱ የባልየው ነበር። ባልየው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ረቡዕ ጠዋት መጥተህ ነበር?» አለችው።

«መጥቼ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ተጣልተን ወጣሁ፤ ጃኬቴን እንኳ ትቼ።»

«በምን ተጣላችሁ?»

መሬት መሬት አየ። «ያ ሽቦ የሚሉት ልጅ ሊያያት ሲገባ ስትስቅለት ከኮሪደሩ አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሐኪም ሐኪም ሳመላልሳት ያልታየ ጥርስ ለእሱ ታየ። ‹ለእኔ ሲሆን ሕመም፣ ለእሱ ሲሆን ሠርግ ነው› አልኳት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ነው እትዬ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ፤ ምስክር የለኝም።»

«የልብ ምቷን እጇን ይዘህ ቆጥረህላት ታውቃለህ?»

«በየቀኑ። በቀኝ እጇ ነዋ። ግራው ምት የለውም። ‹አንቺ በግራ በኩል ከሞትሽ ሦስት ዓመትሽ› እያልኩ እቀልድባት ነበር።» ይህን ብሎ ፊቱን በጉልበቱ መሃል ደበቀ።

ሽቦ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። ረቡዕ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ሌላ ታካሚ ላይ ሲሠራ እንደነበረ፣ አራት ሰዎችም ከአጠገቡ እንዳልተለዩ ተረጋግጧል።

«ደም ማቅጠኛው የት የት ይገኛል?»

«የእኔ ክፍልና የቀዶ ክፍል። እዚህ አልጋ ክፍል አይቀመጥም።»

«ጋሼ ይቀኑብሃል ይባላል።»

ወጣቱ በምሬት ፈገግ አለ። «እውነቱን ልንገርዎት? የምቀናው እኔ ነኝ። ሽቦዬ ሥር ቢበሳ ሮጬ የምጠራው እሳቸውን ነው። እሳቸው እኔን አይጠሩም።»

የክፍሉን ነርስ የሥራ ባልደረቦቿ ትንሿ ሲስተር ይሏታል። ገና የአራት ወር ሕፃን አላት። መርማሪዋ የአልጋውን የክትትል ወረቀት ፊቷ ዘረጋችው።

«ይህን የረቡዕን መስመር የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።» ቸኮለች።

«ምቷን በየትኛው እጅ ለካሽ?»

«በቀኝ ነዋ። ሁልጊዜ በላይዋ ተንጠራርቼ ነው የምለካት፤ ካርቶኑንም የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«እስቲ አንብቢልኝ።»

ነርሷ አጎነበሰች። ሌሎቹ መስመሮች ሁሉ «1 ሰዓት፣ ምት 80፣ ግፊት 140» እንደሚል ዓይነት አጫጭር ነበሩ። የመጨረሻው ግን እንዲህ ይላል፦ «2:37፣ ምት 76፣ ግፊት 127፣ ግራ ክንድ።» ከሥሩ የእሷን ፊርማ የሚመስል ጭረት አለ።

ትንሿ ሲስተር ፊቷ ገረጣ። «እቴ፣ ከሥራ ያስወጡኛል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ። እናቴ ሕፃኑን በጓሮ በር ታመጣልኛለች፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ወርጄ አጠባዋለሁ። ነርሶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ይሸፍኑልኛል። ተመልሼ መስመሩ ተሞልቶ ሳየው፣ አንዷ አዝናልኝ ለካችልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ደኅና ናት ይላል። ስለዚህ የሦስት ሰዓቱን ሳልለካ ወደ ሌሎቹ አልጋዎች ሄድኩ።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ገብቼ ቢሆን ኖሮ እደርስባት ነበር።»

መርማሪዋ የክትትል ወረቀቱን አነሣች። ትከሻዋን ነካ አድርጋት ወጣች።

የጋሼ ቢሮ በመጽሐፍ የታጨቀ ነው። ከበሩ ኋላ ግን አንድ አዲስ ነገር ተሰቅሏል፦ ሐኪሞች ከራጅ ጨረር ለመጠበቅ የሚለብሱት ከባዱ የእርሳስ መደረቢያ፣ ደረቱ ላይ የጋሼ ስም ተለጥፎበት።

«የገደልኳት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚወራው አይደል?» አሉ፤ ቁጣም ፍርሃትም የለባቸውም። «ልጁን ማሳፈር ብፈልግ መግደል ምን አደከመኝ? እጄን አጣጥፌ ዓመት እጠብቅ ነበር። ሥሩ ራሱ ጠቦ ሊመሰክርልኝ ይችል ነበር።»

«ይህ መደረቢያ ለምንድን ነው?»

አዛውንቱ እንደ ሕፃን አፈሩ። «በስተርጅና ተማሪ ልሆን ነው። ሥራውን እንዲያስተምረኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ ገባኝ፤ አንዳንዱ ሥር መቀስ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሽቦ፤ የሚፈልገው ሥሩ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም። የቀዶ ክፍሉ ነርስ ትልቋ ሲስተር ብቻ፣ ባለፈው ሳምንት ዕቃው ሲመጣ ተቀብላ ያመጣችልኝ እሷ ናት።»

ትልቋ ሲስተር በቀዶ ክፍሉ ውስጥ መቀሶችን በመጠናቸው ስትደረድር ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዋ ቀጥ፣ ጥፍሯ ከሥሩ የተቆረጠ። ለመርማሪዋ ወንበር ጎትታ ሰጠቻት።

«ሟቿን ያውቋታል?»

«በወሬ ብቻ። እኛ ክፍል ያልገባ ሰው ለእኛ ሰው አይደለም።» እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። «ጋሼ ቢሠሩላት ኖሮ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ትድን ነበር።»

«ከጋሼ ጋር ስንት ዘመን ሠሩ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት። ጋዋናቸውን የማስረው እኔ ነኝ። ሚስታቸው ሸሚዛቸውን ታውቅ ይሆናል፤ እጃቸውን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ሳይጠይቁኝ የሚፈልጉትን አቀብላለሁ።»

«አሁን ሽቦ ሊማሩ ነው አሉ።»

የትልቋ ሲስተር እጅ መቀሱ ላይ ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ቀጠለ። «ያ ክፍል የራሱ ነርሶች አሉት» አለች።

መርማሪዋ የቀዶ መዝገቡን ሳበች። ረቡዕ ጠዋት የነበረው አንድ ቀላል የእግር ቀዶ ጥገና ብቻ ነው። «2:17 ታካሚ ገባ። 2:57 ማደንዘዣ፣ ቀኝ ክንድ። 3:04 ቆዳ ተከፈተ።» የ7 ቁጥሮቹ ሁሉ ወገባቸው ላይ በአጭር መስመር ተቆርጠዋል። ከግርጌ፦ «የሆድ መክፈቻ ዕቃ ተዘጋጅቷል።»

«ለእግር ቀዶ የሆድ መክፈቻ ዕቃ ለምን ይወጣል?»

«ድንገት ቢመጣ ብዬ ነው፤ ዝግጁ መሆን ልማዴ ነው» አለች ትልቋ ሲስተር።

«ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ሐኪሞቹ እጃቸውን ሲታጠቡ ዕቃ ከመጋዘን አመጣ ነበር።»

መርማሪዋ አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ደርሳ ቆመች። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው በተበለጠ ሰው ላይ ያለ ቅናት ነበር፤ የራሷን ዓይነት። ሌላም ዓይነት ቅናት አለ፤ መበለጥ ሳይሆን መተው የሚወልደው።

ዓርብ ጠዋት አምስቱንም በሐኪሞች መሰብሰቢያ ክፍል አስቀመጠቻቸው። ባልየው ከበሩ አጠገብ፣ ትንሿ ሲስተር ከመስኮቱ ሥር፣ ሽቦና ጋሼ በጠረጴዛው ሁለት ጫፍ ተቀመጡ፤ ትልቋ ሲስተር እንደ ሁልጊዜው ከጋሼ በስተቀኝ። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«ረጅም ነገር የለኝም» አለች መርማሪዋ። «መድኃኒቱ የገባው ትንሿ ሲስተር ልጇን ለማጥባት በወረደችበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ የሚገኘው በሁለት ክፍል ነው። የሽቦ ክፍል ሰዎች በዚያ ሰዓት አንዳቸው ከሌላው አልተለዩም። የቀረው የቀዶ ክፍል ነው።»

ጋሼ ቀና አሉ።

«ገዳዩ ሲወጣ አንድ መስመር ጽፎ ወጣ። ምት ሰባ ስድስት፣ ግራ ክንድ። ያቺ ሴት በግራ እጇ ምት የላትም። የተደፈነ ሥር ነው። ጸሐፊው የለካው ነገር የለም፤ በሌለ ምት ላይ ሰባ ስድስት ቆጠረ። ታዲያ ይህን የማያውቅ ማን ነው? ባሏ ያውቃል፤ ይቀልድባት ነበር። ሁለቱ ሐኪሞች መርምረዋታል። ትንሿ ሲስተር ካርቶኑን የለጠፈችው እሷ ናት። ካርቶኑ ግን ያን ጠዋት በጃኬት ተሸፍኖ ነበር።»

«የሚያውቅ ሰው የማያውቅ ለመምሰል ቢጽፈውስ?» አለ ሽቦ።

«እኔም አስቤው ነበር። እንዲታይለት የሚፈልግ ሰው ግን በሌላ ሰው ፊርማ ሥር አይደብቀውም። ጸሐፊው የፈለገው ማንም እንዳያየው ነው፤ መስመሩ ተሞልቶ ከተገኘ በዚያ ግማሽ ሰዓት ማን ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም።» ወረቀቱንና የቀዶ መዝገቡን ጎን ለጎን አስቀመጠች። «አልጋ ክፍል ውስጥ ሰዓት በደቂቃ አይጻፍም፤ ክንድም አይጠቀስም። በቀዶ ክፍል ግን ሁለቱም ግድ ናቸው። ሃያ ዓመት የተጻፈ ልማድ ሐሳብን ይቀድማል። የ7 ቁጥሮቹንም እዩአቸው፤ እዚህም እዚያም ወገባቸው የተቆረጠ ነው።»

ማንም ወደ ትልቋ ሲስተር አልዞረም። ጋሼ ብቻ ቀስ ብለው አንገታቸውን አዞሩ።

«የቸገረኝ የሆድ መክፈቻ ዕቃው ነበር» አለች መርማሪዋ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለእግር ቀዶ ማን የሆድ መክፈቻ ዕቃ ያዘጋጃል? ሊደማ ያለ ሆድ የሚጠብቅ ሰው። እርስዎ እንድትሞት አልፈለጉም። ደሟ ፈሶ፣ ክፍሉ ተሸብሮ፣ እየተሮጠ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንድትመጣ ነው የፈለጉት። ጋሼ ይከፍታሉ፣ ያድኗታል። ሽቦው ያፍራል፤ ያ መደረቢያም ወደ መጣበት ይመለሳል።»

ትልቋ ሲስተር እጆቿን ጭኗ ላይ አነባበረች።

«ደሙ በመርፌው ቁስል በኩል ወደ ውጭ ይወጣል ብዬ ነበር» አለች። «አንሶላው ላይ ይታያል፤ ይጮኻሉ ብዬ። ዕቃው ሁሉ ተደርድሮ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ተኩል ሆነ። በሩን አያለሁ፤ የሚመጣ የለም።»

«የሚመጣ የለም፣ ምክንያቱም ደኅና ናት ብለው ጽፈውላታል።»

ትንሿ ሲስተር ከመስኮቱ ሥር ማልቀስ ጀመረች።

ጋሼ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ለምን አልጠየቅሽኝም? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ከለከልኩሽ?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ ጋሼ? ‹አትሂድብኝ› የሚባለው ለባል ነው፤ እኔ ነርስ ነኝ። መደረቢያውን ያመጣሁልዎ ዕለት ‹እዚያ ስቀዪው› ብለው ከወረቀትዎ ቀና እንኳ አላሉም።»

መርማሪዋ የሟቿን ማኅደር ከፈተች። ይህን ማንበብ አልፈለገችም ነበር፤ ሳታነበው መቅረትም ትክክል አልመሰላትም። «በሁለቱ ሐኪሞች እጅ የተፈረመ ነው። ‹የኩላሊቱ ሥር አሁን በሽቦ። ጉልበቷ ሲመለስ፣ ከስድስት ወር በኋላ፣ የግራ ክንዱ ሥር በቀዶ ጥገና።› ከሥሩ የሐኪሙ ስም የጋሼ፣ የረዳቷ ስም የእርስዎ ነው። ከተጣሉ በኋላ ቁጭ ብለው የተስማሙት ይህንን ነው። ማኅደሩን አንድ ገጽ ገልጠው ቢሆን ኖሮ፣ የግራ እጇንም ነገር፣ ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንደምትመጣም ያውቁ ነበር።»

ትልቋ ሲስተር እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ተቀበለች። ስሟ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ ደግማ ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ሳታጥፈው፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ ጋሼ ፊት አስቀመጠችውና ተነሣች። ፖሊሱ ክንዷን ሊይዝ ሲል «ራሴ እሄዳለሁ» አለች። ጀርባዋ ቀጥ እንዳለ ወጣች። ጋሼ አልተከተሏትም፤ ሁለት መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያዩአቸው ነበር።

መርማሪዋ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። ባልየው ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ሽቦን አየው፤ ከሞተች ወዲህ ፊት ለፊት ሲያየው የመጀመሪያው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «የሠራህላት ሠርቶ ነበር?»

ወጣቱ ሐኪም ከመቀመጫው ተነሥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ። «ሠርቶ ነበር። ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ግፊቷ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርዶ መቶ አርባ ገባ። ላበሥራት ነበር የገባሁት። የሳቀችውም ለዚያ ነው። ‹ባሌ ከሌላ ቢሰማው አያምንም፤ ቆይ እኔው ልንገረው› አለችኝ።»

ባልየው ራሱን ነቀነቀ። «ልትነግረኝ ጀምራ ነበር፤ አላስጨረስኳትም» አለ። ደግሞም አንድ ጊዜ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «አላስጨረስኳትም» አለና ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ። ሽቦም ከጎኑ አልተነሣም።